የሮማው ገዢ ለቅሶ በመሐል ሜዳ

የጥንት ተውኔትን ወደ ዘመናዊ ፊልም የሚቀይሩ ሰዎች ሁሉ ሰነፎች ናቸው። አዎ፣ ሁሉም! ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖረውን ሮማዊ ኩታውን ያስወልቁትና ኮትና ክራባት ያለብሱታል። ፈረሱን ወስደው ጥቁር መኪና ይሰጡታል፣ ጦሩን ተቀብለው ሽጉጥ ያስታጥቁታል፤ ከዚያ "ዘመናዊ አደረግነው" ብለው እጃቸውን አራግፈው ይቀመጣሉ። ንግግሩ ግን ያው የጥንቱ ነው። ሰውየው ከሄሊኮፕተር ወርዶ፣ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ፣ ጠባቂዎቹን በሬዲዮ ካዘዘ በኋላ አፉን ሲከፍት የሚወጣው ቅኔ ነው። እስቲ እናንተ ነገ ክራባታችሁን አስራችሁ ቢሮ ግቡና አለቃችሁን በቅኔ ፈቃድ ጠይቁ... ይሰጧችኋል፤ ግን ወደ ጠበል እንድትሄዱ ነው።

እኔ ደግሞ እነዚህን ፊልሞች እወዳቸዋለሁ። ችግሬም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የመጀመሪያውን ያየሁት ከአራት ዓመት በፊት ነበር። ለአንድ ጉዳይ ተልኬ በእግሬ ስሄድ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘኝና መንገድ ዳር ካለ ጓደኛዬ ቤት ተጠለልኩ። ጓደኛዬ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የሮማ ሹማምንት ኮታቸውን ግጥም አድርገው በገዢያቸው ላይ ሲያሴሩ ያያል። በረዶው አባራ፤ እኔ አልተነሳሁም። ገዢው ተገደለ፤ አልተነሳሁም። ተለቀሰ፣ ሕዝቡ ታወከ፣ ጦርነት ሆነ፣ ገዳዮቹ በየተራ አለቁ፤ ያኔ ተነሳሁ። የት ተልኬ እንደነበር አትጠይቁኝ። ለጨዋታችን አያስፈልግም... ለጊዜው።

ተውኔቱን ታውቁታላችሁ። የጻፈውን እንግሊዛዊ ስሙን ባልጠራውም፣ እንግሊዝኛ ተምሮ በእሱ ያልተሰቃየ የለም። አንድ የሮማ ገዢ ኃይሉ ይበዛል፤ ሹማምንቱ ይፈሩትና ያሴሩበታል፤ ከሴረኞቹ መሐል የልብ ወዳጁ ይገኝበታል። በጩቤ ወግተው ይገድሉትና ሬሳው አደባባይ ላይ ተዘርግቶ ንግግር ይደረጋል። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የወላጆች ቀን ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ "የእንግሊዝኛ ክፍል ምን ያቀርባል?" ብለው ጠየቁ። ባልደረቦቼ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ ግን ሳላስበው ተነስቼ፣ የሮማን ተውኔት ወደ ዘመናችን አምጥቼ፣ በአማርኛ፣ በስልኬ ፊልም እቀርጻለሁ አልኩ። ቅዳሜ ወላጆች ፊት ይታያል አልኩ። ቀኑ ሰኞ ነበር። ምላሴን ነክሼ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

ሴረኞቹን ከመምህራን መረጥኩ። መምህር ስለ ደረጃ እድገቱ ካወራችሁት ፊቱ ወዲያው ሴረኛ ይሆናል፤ ልምምድ አያስፈልገውም። የሚያስቸግረው ገዢው ነበር። ገዢ ድምፅ ይፈልጋል፣ ትከሻ ይፈልጋል፣ ትንሽም ሆድ። መሐል ሜዳን ዞር ዞር ብዬ ሳስብ ከአማቴ ከአቶ ደምሴ ሌላ ሰው አልታየኝም። ከግብርና ቢሮ ጡረታ ወጥተዋል፤ ግን ዛሬም "እህ" ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የጎረቤት በግ ሳር መጋጡን ያቆማል።

የሚወጋቸውን የልብ ወዳጅ ሳስብ ደግሞ ዲያብሎስ ጆሮዬ ሥር መጣ። አቶ ኃይለማርያምን አሰብኩ። አቶ ኃይለማርያም ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ይኖራሉ። ከአማቴ ጋር አበልጆች ናቸው፤ የበኩር ልጃቸውን ክርስትና ያነሱት አማቴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ማዕድ አብረው ቆርሰዋል። አሁን ግን አራት ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም። አንዱ ቤተ ክርስቲያን በሰሜን በር ከገባ ሌላው በደቡብ ይወጣል። የተጣሉት የአማቴ እናት እማማ ወርቄ ሲሞቱ ነው። አቶ ኃይለማርያም ለቅሶ አልደረሱም። በቀብሩ ቀን አልመጡ፣ በሠልስቱ አልመጡ፣ በአርባው አልመጡ፣ በሙት ዓመቱም አልመጡ። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ አንዱን "ምን ሆነህ ነው?" ሲሉት "እሱ ያውቀዋል" ይላል፣ ሌላውን ሲጠይቁት እሱም "እሱ ያውቀዋል" ይላል። ሽማግሎቹ የሚያውቀውን ሰው ፍለጋ ሲመላለሱ ደክሟቸው ተውት።

እኔ ታዲያ የታየኝ ፊልሙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቂም ያለበት ፊት በየትኛው ትወና ይገኛል? ሄጄ አቶ ኃይለማርያምን ጠየቅኋቸው። ተውኔቱን ተረክሁላቸው፤ በመጨረሻ አቶ ደምሴን እንደሚወጉ ስነግራቸው ቀና አሉ።

"ስንት ጊዜ?"

"አንድ ጊዜ፣ ጋሼ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ?"

ተስማሙ። አማቴም የሚወጋቸው ማን እንደሆነ ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው "እሱማ የለመደው ነገር ነው፤ ይውጋ" አሉ።

ባለቤቴ አስካለ ግን ነገሩን ስትሰማ የያዘችውን ማማሰያ አስቀመጠች። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም። "አባባ 'እኔ ስሞት ኃይለማርያም ሬሳዬ ላይ እንዳይቆም' ብሎ መማሉን ረስተኸዋል?" አለችኝ። ረስቼው ነበር። "ጋሽ ኃይሌስ ያንኑ መማሉን? ሁለቱም ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አንተ ደግሞ አንዱን ሬሳ አድርገህ ሌላውን ልታቆምበት ነው። ይህ ነገር ከተበላሸ ሳይታረቁ ይሞታሉ፤ እኔም ከአንተ ጋር አልታረቅም።" እንግዲህ እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ። ግን ቅዳሜ ደርሷል፣ ርዕሰ መምህሩም ወረዳውን ጋብዘዋል።

ሐሙስ ጧት ቀረጻ ጀመርን። ለሁሉም ኮት አስለብሻለሁ፤ ዘመናዊ ነን ብያለሁ። ለገዢው መግቢያ የእድሩን ጥሩምባ ፈልጌ ጋሽ በየነን ለምኜ ነበር። ጋሽ በየነ ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፉልን ናቸው፤ የፊት ጥርሳቸው ስለወለቀ ዘንድሮ ተተኪ ይፈልጋሉ። "ይህ ዕቃ ያለ ሬሳ ድምፅ የለውም" ብለው መለሱኝ። የሮማው ገዢ ያለ ዕቃ፣ በባዶ አፍ በተነፋ ጥሩምባ ገባ። የነፋሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ የመንዝ ነፋስ መጣ። እናንተ አገር ነፋስ ይነፍስ ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን ነፋስ ሲመጣ የመጣበት ጉዳይ አለው። መጀመሪያ የሂሳብ መምህሩ በኮቱ ላይ ጋቢ ደረበ። ቀጥሎ የታሪክ መምህሩ ነጭ የበግ ጠጉር ባና አምጥቶ ተከናነበ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሮማ ሹማምንት በሙሉ ነጭ በነጭ ተጠቅልለው፣ አንድ ትከሻቸውን አውጥተው ቆመዋል። አያችሁልኝ? ሁለት ሺህ ዓመት ጎትቼ ኮት ያለበስኳቸውን ሰዎች ብርዱ በአንድ ሰዓት ሮማ መለሳቸው። የእነዚያ የፊልም ሰዎች ሀገር እንዲህ ቢበርድ ኖሮ እነሱም ክራባቱን ይተዉት ነበር።

መውጋቱ ተጀመረ። ጩቤዎቹ ከካርቶን ተቆርጠው በብስኩት ወረቀት የተለበጡ ናቸው፤ ደሙ የቀይ ሥር ውሃ ነው። መምህራኑ በየተራ ወጉ። አማቴ በሚገባ ተወጉ፤ እያንዳንዱን ወጊ "ቀስ በል" እያሉ ነው የተወጉት፣ እሱን ቆርጬ አወጣዋለሁ ብያለሁ። በመጨረሻ አቶ ኃይለማርያም ቀረቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አቶ ኃይለማርያም ጩቤውን እንደያዙ ቀሩ። "ይውጉ፣ ጋሼ" አልኩ። ወጉ... ካርቶኑ ታጠፈ። አማቴ ሊወድቁ ሲንገዳገዱ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ፤ አቶ ኃይለማርያም በሌላው እጃቸው አነሱና መልሰው ደረቡላቸው።

"አቁሙ!" አልኩ። "ጋሼ፣ ገዳይ ጋቢ አይደርብም።"

"ብርድ ነው" አሉ፣ ወደ ጎን እያዩ።

ደገምን። እንደገና ደረቡ። ሦስተኛ ጊዜ ደገምን፤ ደረቡ። በአራተኛው አማቴ ራሳቸው ጋቢውን ጠበቅ አድርገው ይዘው ሞቱ፤ በቃ፣ ተውኩት። እኔ የፈለግሁት ቂም ነበር፤ የተቀረጸው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሰዓት ለቅሶው ሆነ። በተውኔቱ ላይ ወዳጅየው በሬሳው አጠገብ ቆሞ ደረቅ ንግግር ያደርጋል። እስቲ ንገሩኝ፣ በእኛ አገር ሳይለቀስ ንግግር የሚያደርግ ማን ነው? እንኳን ሰው የገደለ፣ ዶሮ የገደለም አይሰማም። ስለዚህ እውነተኛ አልቃሽ አመጣሁ፤ እማማ የሺን። እማማ የሺ በመንዝና በግሼ ስንቱን ሬሳ በግጥም ሸኝተዋል። ግን ሙያቸው ወግ አለው፤ የሟቹን ታሪክ ሳያጣሩ አያለቅሱም። አስቀመጡኝና መረመሩኝ።

"የማን ልጅ ነው?"

"የሮማ ሰው ነው፣ እማማ።"

"አገሩን አይደለም፣ አባቱን ነው የጠየቅሁህ።"

አላወቅሁም። የፈረሱን ስም ጠየቁኝ፤ አላወቅሁም። ስንት ልጅ እንደተወ ጠየቁኝ፤ በእርግጠኝነት አላወቅሁም። አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ተውኔት አስተምሬያለሁ እኮ! ሚስቱ ክፉ ሕልም አይታ "ዛሬ አትውጣ" ብላው እምቢ ብሎ መሄዱን ስነግራቸው ግን ጉልበታቸውን መቱ። "እሱስ ያስለቅሳል" አሉ። "ወጊውስ?" አሉኝ ደግሞ። ወዳጁ ነው፣ አቶ ኃይለማርያም ናቸው የሚተውኑት ስል ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሱ። እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ።

አማቴን አልጋ ላይ ዘረጋናቸው፤ በጋቢ ሸፈንናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ የሮማ ሕዝብ ሆኖ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ አስካለም መሐላቸው አለች፣ እያየችኝ ነው። አቶ ኃይለማርያም ከአልጋው ራስጌ ቆሙ። በመሐላ የተከለከለው ቦታ ያ ነው። ስልኬን ከፈትኩ። እማማ የሺ ደረታቸውን መታ መታ አደረጉና ጀመሩ። ስለ ሮማ አንድ ቃል አላሉም።

"እናቱን ሲቀብር ያልመጣው ወዳጅ፣
ዛሬ ምን ይሠራል ከልጇ ሬሳ ደጅ?"

አቶ ኃይለማርያም እንዲናገሩ የጻፍኩላቸው ግማሽ ገጽ ንግግር ነበር፤ አንዱንም አልተናገሩም። አልጋው ላይ ተደፍተው "ወይኔ እማማ ወርቄ!" ብለው አለቀሱ። "ጎመኑን ደብቃ የምታበላኝ! ልጄ ነህ የምትለኝ!" እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሴቶቹ ተከተሉ፤ መምህራኑ ተከተሉ፤ የሂሳብ መምህሩ ከሁሉም በላይ አለቀሰ፣ እማማ ወርቄን በሕይወቱ አያውቃቸውም። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ "ምን ዓይነት ትወና ነው!" እያልኩ ስልኩን አስጠጋሁ።

ያኔ ሬሳው ተናገረ።

"ኃይሌ" አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። "አሁን ነው የምትመጣው?"

"ማን ነገረኝና ልምጣ?" አሉ አቶ ኃይለማርያም፣ ፊታቸው ጋቢው ላይ እንደተደፋ። "የእናቴን ሞት በጥሩምባ ሰማሁ፤ እንደ ማንም መንገደኛ። የሠላሳ ዓመት አበልጅህን አንድ ሰው ልከህ አታረዳኝም? ሰው ይልካል ብዬ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ።"

"ልኬ ነበር እኮ።"

"ማንን?"

ሬሳው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ከጋቢው ሥር አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣና ወደ ስልኬ ጠቆመ።

"ያንን" አሉ።

አንባቢዎቼ፣ በረዶው ትዝ አላችሁ? የተላክሁበትን ጉዳይ አትጠይቁኝ ያልኩበት ቦታስ? እንግዲህ ያ ነው። አማቴ እናታቸው ያረፉ ጧት "ኃይሌ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ አንተው ሂድና ቁጭ ብለህ አርዳው" ብለው ልከውኝ፣ እኔ የሮማ ገዢ እስኪቀበር ተቀምጬ ቆየሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ጥሩምባው ተነፍቷል። "እንግዲህ ሰምተዋል፣ አሁን ሄጄ ምን ልላቸው ነው?" ብዬ ከመንገድ ተመለስኩ። አማቴ "ነገርከው?" ሲሉኝ "ሰምተዋል" አልኳቸው። ከዚያ ጠቡ ሲመጣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ አራት ዓመት ነገ ሆነ። አፈርኩ፤ ያፈርኩበት ነገር ሲቆይ ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል። ረሳሁት ብዬ ነበር፤ ግን ሰው የረሳውን ነገር እንዲህ አጥብቆ አይሸሽም።

የሮማ ሕዝብ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሴረኞቹም ዞሩ፤ እጃቸው ላይ ያለው ካርቶን በመሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከሁሉም የከፋው አስካለ ናት፤ የሞቱት አያቷ ናቸው። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ ጣለች።

አቶ ኃይለማርያም ግን ቀና ብለው፣ ዓይናቸውን በጋቢው ጫፍ ጠርገው፣ "እግዜር ያጽናህ፣ ደምሴ" አሉ። አማቴ አልጋው ላይ ተነስተው ተቀመጡና "አሜን" አሉ። ተቃቀፉ። ቀይ ሥሩ ሁለቱንም አበላሻቸው። ጎረቤቱ ነገሩ ከልብ መሆኑን ሲያይ ማንም ሳያዘው ተቀመጠ፤ ከየቤቱ ንፍሮ መጣ፤ የሮማ ሹማምንት እጃቸውን ዘርግተው ዘገኑ። አራት ዓመት የዘገየው ለቅሶ እንዲህ ተደረሰ። እኔም ዳር ላይ ቆሜ ንፍሮ ጠበቅሁ፤ ሁሉም ጋ ሲደርስ እኔ ጋ አልደረሰም።

እዚያው ተፈረደብኝ። ቀድሞ ደክሟቸው የተዉት ሽማግሎች "የሚያውቀው ሰው ተገኘ" ብለው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ዝናቡንም የቴሌቪዥኑንም ፊልም ሳልደብቅ ተናግሬ የሁለቱንም እግር ሳምኩ። አቶ ኃይለማርያም ሲያነሱኝ "መጥፎ ፊልም ቢሆን ኖሮ አላዝንልህም ነበር፤ ለመሆኑ ጥሩ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ነበር አልኩ። እውነቴን ነው።

ቅዳሜ ፊልሙ ታየ። ቆርጬ ለማውጣት ጊዜ ስላልነበረኝ "ቀስ በል"ም፣ የተነሳው ሬሳም፣ ንፍሮውም ሁሉም አለበት። ወላጆች አለቀሱ፣ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "እንግሊዞቹም ዘንድ እንዲህ ነው የሚያልቀው?" ሲሉኝ፣ እነሱ ጋ የሚያስታርቅ ስላልነበረ ሁሉም አለቁ አልኳቸው። ከፊት ወንበር አማቴና አቶ ኃይለማርያም በአንድ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። አስካለ ከአጠገባቸው ናት። ለእኔ የደረሰኝ የኋላ ወንበር ነው። አስካለ ግን ፊልሙ ሲያልቅ ዞር ብላ ፈለገችኝ፤ ያ ይበቃኛል።

ፍርዱን አልነገርኳችሁም ለካ። ሽማግሎቹ መክረው የጋሽ በየነን ጥሩምባ ለእኔ ሰጡኝ። እድሩ እስኪተካኝ ድረስ መርዶ ነጋሪው እኔ ነኝ፤ ጥሩምባውን ነፍቼ ብቻም አላበቃም፣ የቅርብ ወዳጅ ቤት ሁሉ በእግሬ ሄጄ፣ ተቀምጬ አረዳለሁ። ስለዚህ መሐል ሜዳ የምትኖሩ፣ አንድ ማለዳ በራችሁን ሳንኳኳ ብታዩኝ አስገቡኝ። ቴሌቪዥኑን ግን እባካችሁ፣ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት አጥፉልኝ።